ያውቁ ኖሯል? ኅብለ ሰረሰርም ይማራል

ሐኪም ከጉልበትዎ ሎሚ ዝቅ ብሎ ያለውን ጅማት በትንሽ መዶሻ መታ ሲያደርገው እግርዎ ወደ ፊት የሚፈናጠረው የአንጎልዎን ትእዛዝ ሳይጠብቅ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ትእዛዙ የሚወጣው ከአከርካሪ አጥንት ውስጥ ካለው ኅብለ ሰረሰር ነው። አንጎል ነገሩን የሚሰማው ጡንቻው ከታዘዘ በኋላ ነው። እንዲህ ሳያስቡት የሚመጣ ምላሽ ሪፍሌክስ ይባላል።

ይህን የጉልበት ምርመራ ለሕክምና ያበረከቱት ሁለት ጀርመናውያን ሐኪሞች፣ ቪልሄልም ኤርብ እና ካርል ቬስትፋል፣ በየፊናቸው ደርሰውበት በ1875 በአንድ መጽሔት አንድ እትም ላይ ማሳተማቸውንስ? (በዚህ ዓምድ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ከ100 ዓመት በላይ ሐኪሞች ሪፍሌክስን መዝነው በሽታን ሲለዩ ኖረዋል። ሪፍሌክስን አስተምሮ በሽተኛን ማስኬድ ግን የእኛ ዘመን ሥራ ነው፤ የዛሬው ዓምዳችንም ይኸው ነው።

የሪፍሌክሱ መንገድ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ልብ ይበሉ። በጡንቻ ውስጥ መለጠጥን የሚለኩ ጥቃቅን አካላት አሉ። ጡንቻው በድንገት ሲለጠጥ እነዚህ አካላት በፈጣን ነርቭ መልእክት ወደ ኅብለ ሰረሰር ይልካሉ። መልእክቱ እዚያ አንድ መገናኛ፣ ማለትም አንድ ሲናፕስ ብቻ ተሻግሮ ጡንቻውን ወደሚያዝዘው ነርቭ ሴል ይደርሳል፤ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ነገሩ አለቀ። ከጉልበት በስተኋላ በኤሌክትሪክ የተቀሰቀሰ መልእክት ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ ባት ላይ እስኪደርስ 30 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ዓይን ለማርገብገብ እንኳ ቢያንስ የዚህ ሦስት እጥፍ ጊዜ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ የሚካሄድበት ኅብለ ሰረሰር በአዋቂ ሰው 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ውፍረቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ከግራና ከቀኝ 31 ጥንድ ነርቮች ይወጡበታል። አከርካሪውን ተከትሎ እስከ መጨረሻው ይወርዳል ብለው አስበው ከሆነ አይደለም፤ ወገብ አካባቢ፣ በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት ግድም ያበቃል። ከዚያ በታች ያሉት ወደ እግር የሚወርዱ የነርቭ ሥሮች ናቸው።

ኅብለ ሰረሰር መልእክት ከማመላለስ ያለፈ ሥራ እንደሌለው ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ተምረናል። ሆኖም ገና በ1911 ቶማስ ግራሃም ብራውን የተባሉ ብሪታኒያዊ ሳይንቲስት ከአንጎል የተለየ የድመት ኅብለ ሰረሰር፣ ከእግር የሚመጣ ስሜት ሳይደርሰው እንኳ፣ እርምጃን የመሰለ ተራ በተራ የሚፈራረቅ የጡንቻ እንቅስቃሴ ማመንጨት እንደሚችል አሳይተው ነበር። ግኝታቸው ለአሥርተ ዓመታት ያህል በቂ ትኩረት አላገኘም። ለእንቅስቃሴ ሕክምና ትልቅ ጊዜ የባከነው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

መዶሻውን በኤሌክትሪክ የተኩት ሰው ማን እንደሆኑ ያውቁ ኖሯል? ፓውል ሆፍማን ይባላሉ፤ ጀርመናዊ ናቸው። ከ1910 ጀምሮ ባሳተሟቸው ሥራዎች ቋንጃ ላይ የሚያልፈውን ነርቭ በመጠነኛ ኤሌክትሪክ ሲነኩት ባት ላይ ሁለት ሞገድ እንደሚታይ ገለጹ። የመጀመሪያው ከቋንጃ በቀጥታ ወደ ጡንቻው የወረደው ነው። ሁለተኛው ዘግየት ብሎ ይመጣል፤ እሱ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ኅብለ ሰረሰር ደርሶ የተመለሰው ነው። ይህን ሁለተኛውን ሞገድ በ1950 በአሜሪካ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በሆፍማን ስም የመጀመሪያ ፊደል ኤች-ሪፍሌክስ አሉት።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ጠባይ አለ። ኤሌክትሪኩን ሲጨምሩት ሁለተኛው ሞገድ በመጀመሪያ ያድጋል፤ ከዚያ አልፈው ሲጨምሩት እየቀነሰ ሄዶ ጨርሶ ይጠፋል። ምክንያቱ ግጭት ነው። ጠንከር ያለው ኤሌክትሪክ ወደ ጡንቻ የሚወርዱትን የነርቭ ክሮችም ይቀሰቅሳል፤ በእነዚያ ክሮች ላይ ምልክቱ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ይሮጣል። ወደ ላይ የሚወጣው ምልክት ከኅብለ ሰረሰር ከሚወርደው መልስ ጋር መንገድ ላይ ይገናኛል፣ ሁለቱም እዚያው ይከስማሉ። ስለዚህም ነው ሐኪሙ ኤሌክትሪኩን ዝቅተኛና ሁልጊዜ እኩል አድርጎ መያዝ ያለበት። ለታማሚው ይህ ደግ ዜና ነው፤ በኋላ የምናየው የሪፍሌክስ ሥልጠና የሚሠራው በለስላሳው ኤሌክትሪክ ነውና።

ቆመው ሳሉ፣ ሲራመዱና ሲሮጡ የባትዎ ሪፍሌክስ አንድ ዓይነት አይደለም። ሲቆሙ ትልቅ ነው፤ ሲራመዱ ያንሳል፤ ሲሮጡ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በአንድ እርምጃ ውስጥ እንኳ እግር መሬት ሲረግጥና አየር ላይ ሲሆን ይለያያል፤ እግር ከመሬት ተነሥቶ ወደ ፊት ሲወሰድ የባት ሪፍሌክስ ሊጠፋ እስኪል ድረስ ይወርዳል። ይህን ሁሉ የሚመጥነው ከአንጎል የሚወርደው ትእዛዝና የኅብለ ሰረሰሩ የራሱ መረብ ነው።

የባሌት ዳንሰኞችስ? በ1993 የታተመ የዴንማርክ ጥናት የሮያል ዴኒሽ ባሌት ዳንሰኞችን ከሌሎች በደንብ ከሠለጠኑ ስፖርተኞች ጋር አነጻጽሮ የዳንሰኞቹ ኤች-ሪፍሌክስ ያነሰ ሆኖ አገኘው። በእግር ጣት ጫፍ ለመቆም የፊትና የኋላ ጡንቻን አንድ ላይ ወጥሮ መያዝ ይጠይቃል። በዚያ ሰዓት የባት ሪፍሌክስ እንደ ልቡ ቢሆን ዳንሰኛው ይንቀጠቀጣል። የብዙ ዓመት ልምምድ ኅብለ ሰረሰር ድረስ ወርዶ ዱካውን እንደሚተው ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማሳያ አላውቅም።

እንግዲህ አንድ ሰው ጥያቄውን ገልብጦ መጠየቅ ነበረበት፦ ልምምድ ሪፍሌክስን የሚለውጥ ከሆነ ለምን ሪፍሌክሱን ራሱን ነጥሎ ማሠልጠን አይቻልም?

የጠየቁት ዶክተር ጆናታን ዎልፓው ናቸው፤ በወቅቱ የሥራ ቦታቸው የኒውዮርክ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው ኦልባኒ የሚገኘው ዋድስወርዝ ሴንተር ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሙከራውን በጦጣዎች ጀመሩት። ጦጣው ክርኑን አጥፎ አንድን ክብደት ረግቶ ይይዛል። ድንገት ክንዱ ይሳባል፤ ጡንቻው ይለጠጣል፤ ሪፍሌክሱ ይመጣል፤ መሣሪያው ይለካዋል። ሪፍሌክሱ ከተወሰነ መጠን በላይ ከሆነ (ወይም ለሌላው ቡድን በታች ከሆነ) ጦጣው ይሸለማል። ሌላ ምንም የለም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትንሽ ለውጥ ታየ። ከዚያ በኋላ ሪፍሌክሱ በቀን 1 ወይም 2 በመቶ ያህል፣ ቀስ እያለ ለሳምንታት ወደሚሸለምበት አቅጣጫ ሄደ።

ይህ ቀስታ ብዙ ነገር ይናገራል። ጦጣው ብልሃት አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ለውጡ በአንድ ቀን ይመጣ ነበር። በየቀኑ በጥቂቱ መጨመሩ ከታች፣ ኅብለ ሰረሰር ውስጥ፣ የሆነ ነገር እየተሠራ መሆኑን ያሳያል። ይህን ለማረጋገጥ በ1989 በታተመው ሥራ የሠለጠኑ እንስሳት በጥልቅ ማደንዘዣ ሥር ሆነው ኅብለ ሰረሰራቸው ከአንጎል ተለየ። ትእዛዝ የሚያወርድ አንጎል ሳይኖር የሥልጠናው ልዩነት ለቀናት ኅብለ ሰረሰሩ ውስጥ እንዳለ ተገኘ። ትዝታ የአንጎል ብቻ ንብረት ነው የሚለው ሐሳብ እዚያ ላይ ተናጋ።

ታዲያ በውስጡ የተለወጠው ምንድን ነው? አንደኛው ጡንቻውን የሚያዝዘው ነርቭ ሴል ራሱ ነው። ሪፍሌክሱ እንዲያንስ በሠለጠኑ እንስሳት ይህ ሴል ለመቀስቀስ ከበፊቱ የበለጠ ግፊት ይፈልጋል፤ የበሩ ደፍ ከፍ ብሏል። በሴሉ ላይ ያረፉ፣ ዝም የሚያሰኙ የነርቭ ጫፎችም ይለወጣሉ።

ትምህርቱን ከአንጎል ወደ ታች የሚያወርደው መንገድ የትኛው እንደሆነም ተለይቷል። በአይጦች ላይ አንድ በአንድ ሲፈተሽ፣ ስሜትን ወደ ላይ የሚወስደው፣ በኅብለ ሰረሰሩ ጀርባ በኩል ያለው የነርቭ ክሮች ጥቅል ቢቆረጥም አይጧ ትማራለች። ከአንጎል ቅርፊት በቀጥታ ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚወርደው መንገድ ሲቆረጥ ግን መማር የለም። ይህ መንገድ በሰውም ላይ የታሰበ እንቅስቃሴን የሚሸከመው ነው። ስለዚህ ሥልጠናው ተስፋ የሚሆነው ኅብለ ሰረሰራቸው ሙሉ በሙሉ ላልተቋረጠ፣ ጥቂትም ቢሆን መንገድ ለተረፈላቸው ሰዎች ነው። በሕክምናው ቋንቋ ያልተሟላ ጉዳት የሚባለው ይህ ነው።

በ2006 የታተመው የአይጦች ሥራ ነገሩን ከላቦራቶሪ ልኬት ወደ እርምጃ አሻገረው። የኅብለ ሰረሰራቸው አንድ ጎን ተጎድቶ የሚያነክሱ አይጦች ነበሩ። በተጎዳው ጎን ያለው የባት ሪፍሌክስ እንዲጨምር ሲሠለጥን የግራና የቀኝ እርምጃቸው እኩል ሆነ፤ ማነከሱ ቀረ።

ወደ ሰው እንምጣ። በኅብለ ሰረሰር ጉዳት ወይም በስትሮክ የተጠቃ ሰው እግሩ ለምን ይገተራል? አንጎል ጤነኛ ሲሆን ሪፍሌክስን አደብ ያስገዛል። የሚወርደው መንገድ ሲጎዳ ግን የሚገታው ይጠፋና ሪፍሌክሱ ይለቀቃል። ሰውየው እግሩን መሬት ሲያሳርፍ ባቱ ሳይፈለግ ይኮማተራል፤ ተረከዙ መሬት አይነካም፤ ቁርጭምጭሚቱ ይርገፈገፋል። ለዚህ የሚታዘዙ እንደ ባክሎፌን ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ነገር ግን ባክሎፌን በአፍ ሲወሰድ የሚያረግበው መላ አካልን ነው። እንቅልፍ ያመጣል፤ ደህናውን ጡንቻም ሊያደክም ይችላል። አንድን ሪፍሌክስ ብቻ ነጥሎ ማረም የሚማርከው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥልጠናው ምን እንደሚመስል ላስረዳ፤ ይህን ክፍል ማንም ቤተሰቡ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ያለው ቢያነበው እወዳለሁ። ታማሚው ይቆማል፤ የሚያስፈልገው ከሆነ ተደግፎ። ቋንጃው ላይ ነርቩን የሚቀሰቅስ ኤሌክትሮድ፣ ባቱ ላይ ደግሞ የጡንቻውን ሥራ የሚለካ ኤሌክትሮድ ይለጠፍለታል። የሚሰነጠቅ ቆዳ፣ የሚገባ መርፌ የለም። ፊት ለፊቱ ስክሪን አለ። በመጀመሪያ ባቱን በተወሰነ መጠን ወጥሮ መያዙን ስክሪኑ ያሳየዋል። ያንን ሲያሟላ ኤሌክትሪኩ ይለቀቃል፤ ሪፍሌክሱ ይመጣል፤ ወዲያው ስክሪኑ ላይ አንድ ዓምድ ይቆማል። ሪፍሌክሱ ከተፈለገው በታች ከሆነ አረንጓዴ፣ ከበለጠ ቀይ ይሆናል። ታማሚው የታዘዘው አረንጓዴውን እንዲያበዛ ነው። እንዴት እንደሚያበዛው ማንም አይነግረውም፤ መንገዱን የሚያገኘው ራሱ ነው።

ይህ በአንድ ቀን 225 ጊዜ ይደገማል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለ10 ሳምንት፣ በጠቅላላው 30 ክፍለ ጊዜ። ሲባዛ 6,750 ሙከራ ይሆናል። ከዚያ በፊት ደግሞ ሪፍሌክሱ ያለ ሥልጠና ምን እንደሚመስል ለማወቅ 6 የመለኪያ ክፍለ ጊዜዎች አሉ። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ የታማሚውም የባለሙያውም።

ውጤቱስ? በ2013 ዶክተር አይኮ ቶምፕሰን፣ ዶክተር ዎልፓውና ባልደረባቸው ያሳተሙት ጥናት 13 ሰዎችን ያካትታል፤ ሁሉም ያልተሟላ የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ከደረሰባቸው የቆዩ፣ መራመድ ግን የሚችሉ ነበሩ። 9ኙ ሪፍሌክሳቸውን እንዲቀንሱ ሠለጠኑ። 4ቱ ያንኑ ያህል ኤሌክትሪክ ያንኑ ያህል ጊዜ ተቀበሉ፤ ነገር ግን ቀንሱ አልተባሉም፣ አረንጓዴና ቀይም አልታየላቸውም። የእነዚህ የ4ቱ ሪፍሌክስ አልተለወጠም። ከ9ኙ የ6ቱ ቀነሰ። የተሳካላቸው የ6ቱ የ10 ሜትር የእርምጃ ፍጥነት በአማካይ በ59 በመቶ ጨመረ፤ ማነከሳቸውም ቀለለ።

ከ4ቱ ሰዎች የምንማረው ከ6ቱ አያንስም። ኤሌክትሪኩ ብቻውን አላዳነም። ያው ንዝረት፣ ያው ብዛት፣ ያው መሣሪያ ነበር። ልዩነቱ ሰውየው ውጤቱን እያየ መሞከሩ ነው። የነርቭ ማነቃቂያ ማሽን ገዝቶ መለጠፍ በቂ ነው ብለው ለሚያስቡ ሰዎች ይህን ደጋግሜ ብነግራቸው ደስ ይለኛል።

ሌላም ያስገረመ ነገር ተገኘ። የሠለጠነው የአንድ እግር አንድ ጡንቻ ሪፍሌክስ ሆኖ ሳለ፣ በእርምጃ ወቅት የጡንቻዎች ሥራ የተስተካከለው በሁለቱም እግሮች፣ በቁርጭምጭሚት ብቻ ሳይሆን በጉልበትና በዳሌ ጡንቻዎችም ላይ ነበር። ዎልፓው እንደሚያስረዱት የዱሮው እንቅፋት አንድ ቦታ ላይ ሲወገድ የተቀረው የነርቭ ሥርዓት በየእርምጃው ራሱን እንደገና ያስማማል። የተሳካላቸው ታማሚዎችም ሳይጠየቁ በዕለት ኑሯቸው ፈጥነውና ርቀው እየሄዱ መሆናቸውን ተናገሩ፤ የቁርጭምጭሚታቸው መርገፍገፍ መቀነሱን የገለጹም ነበሩ። ከጥናቱ ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ነው።

ቶምፕሰን ዛሬ የሚሠሩት በሳውዝ ካሮላይና የሕክምና ዩኒቨርሲቲ፣ ቻርለስተን ነው። ከዚያ ወዲህ ሥልጠናውን ቆመው ብቻ ሳይሆን እየተራመዱ፣ እግር አየር ላይ ባለበት ቅጽበት እንዲካሄድ አድርገው ፈትነውታል። በ2018 በታተመ ሥራቸው ደግሞ ከላይ ጀመሩ፤ አንጎልን ከራስ ቅል ውጭ በማግኔት እየቀሰቀሱ የእግርን ጫፍ ወደ ላይ የሚያነሣው ጡንቻ የሚሰጠው ምላሽ እንዲጨምር አሠለጠኑ። እግሩ እየተንጠለጠለ መሬት ለሚጭርበት ሰው የሚያስፈልገው ይህኛው ነው።

የሚንጠለጠልን እግር በኤሌክትሪክ የማንሣት ሐሳብ ግን ከዚህ በጣም ይቀድማል። በ1961 ቭላዲሚር ሊበርሰንና ባልደረቦቻቸው በስትሮክ ግማሽ አካላቸው ለደከመ ሰዎች ጫማ ውስጥ ማብሪያ የተገጠመለት ማነቃቂያ ሠርተው ነበር። ተረከዝ ከመሬት ሲነሣ ኤሌክትሪኩ ይለቀቃል፤ የእግር ጫፍ ቀና ይላል። ይህ ደጋፊ መሣሪያ ነው፤ እግሩን የሚያነሣው እስከበራ ድረስ ነው። ማሠልጠን ሌላ ነገር ነው፤ ማሽኑ ጠፍቶም የሚቀር ለውጥ ይፈለግበታል።

በአከርካሪ ውስጥ ስለሚቀበረው ማነቃቂያም ሰምተው ይሆናል። በ2011 በአሜሪካ የሉዊቪል ዩኒቨርሲቲዋ ሱዛን ሃርኬማና ባልደረቦቿ ከወገቡ በታች ሽባ የነበረ ወጣት፣ ኅብለ ሰረሰሩን በሚሸፍነው ልባስ ላይ በተተከለ ኤሌክትሮድና በረጅም ልምምድ ክብደቱን ችሎ መቆም እንደቻለ አሳወቁ። በስዊዘርላንድ ሎዛን ግሬጎር ኩርቲን እና የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ ጆስሊን ብሎክ በ2018 ማነቃቂያውን ከእርምጃው ሰዓት ጋር እያናበቡ በሦስት ሰዎች ላይ መራመድን መለሱ። በ2023 ደግሞ በአንጎል ላይ የተተከለ መሣሪያ የሰውየውን ሐሳብ አንብቦ ወደ ወገቡ ማነቃቂያ የሚያስተላልፍ ድልድይ ሠሩ።

እጅስ? አፕ-ሊፍት በተባለውና በ2024 በታተመው ጥናት 60 ሰዎች አንገት ላይ በቆዳ ብቻ በሚለጠፍ ኤሌክትሮድ እየተነቃቁ የእጅ ልምምድ ሠሩ፤ 72 በመቶዎቹ በጥንካሬም በእጅ አጠቃቀምም መሻሻል አሳዩ። ጉዳት ከደረሰባቸው 34 ዓመት የሞላቸው ሰው እንኳ ተሻሽለዋል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን መሣሪያውን ለገበያ ፈቀደ። «ከአንድ ዓመት በኋላ ለውጥ የለም» የሚለውን አሮጌ አባባል አሁንም የሚደግም ባለሙያ ካለ ይህን ቁጥር ያንብብ።

በአንገት በኩል የሚያልፈው ቬገስ ነርቭ ለስትሮክ ታማሚ ክንድ እንደሚያገለግልስ ያውቁ ኖሯል? በ2021 በላንሴት የታተመው ጥናት 108 ሰዎችን አካትቷል። ታማሚው ዕቃ ሲያነሣ ወይም ሲገለብጥ፣ እንቅስቃሴው በሚፈጸምበት በዚያው ቅጽበት ባለሙያው ቁልፍ ተጭኖ ነርቩን ለግማሽ ሰከንድ ያነቃቃል። ነርቩ የሚያዝዘው ክንድን አይደለም፤ አንጎልን «ይህን ያዝ» እንዲል የሚያነቃ ነው። ከልምምዱ በኋላ በ90ኛው ቀን ጉልህ መሻሻል ያሳዩት ማነቃቂያውን ካገኙት 47 በመቶ፣ ልምምድ ብቻ ከሠሩት 24 በመቶ ነበሩ። ሁለተኛውንም ቁጥር አይናቁት፤ ከአራት አንድ የሚጠጋ ሰው በልምምድ ብቻ ተሻሽሏል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከኅብለ ሰረሰር ጉዳት ጋር ይኖራሉ። ዋነኞቹ መንሥኤዎች መውደቅ፣ የመኪና አደጋና ጥቃት ናቸው።

በአገራችን ግን እግርን የሚገትር ሌላ ምክንያት አለ፤ ጓያ። ጓያን ለወራት ዋና ምግብ አድርጎ የሚበላ ሰው በውስጡ ባለው ኦዳፕ በተባለ መርዝ ሳቢያ እግሩ ሊገተር ይችላል። የሚጎዳው ከአንጎል ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚወርደው የእንቅስቃሴ መንገድ ነው። ሐኪም ጉልበቱን መታ ሲያደርገው ሪፍሌክሱ ከልክ ያለፈ ሆኖ ይገኛል፤ ተረከዙ መሬት አይረግጥም፣ ሲሄድ እግሮቹ ይጣረሳሉ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሽታውን በሰሜን ምዕራብና በመካከለኛው ኢትዮጵያ አጥንተዋል፤ ደምቢያና ፎገራ በዚህ ጉዳት ስማቸው የሚነሣ አካባቢዎች ናቸው። በ1990ዎቹም በወሎ ደላንታ ዳውንት ወረርሽኝ ሆኖ ታይቷል። የሕመሙ ደረጃ የሚለካው በምርኩዝ ነው፦ ያለ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በአንድ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በሁለት ምርኩዝ የሚሄድ፣ በመጨረሻም በእጁ የሚሳብ። ከሚጠቁት አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ጉዳቱም አንዴ ከደረሰ አይለቅም።

ጓያን ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፤ ከእህል ጋር ቀላቅሎ መብላትም አደጋውን ያቀልለዋል። ይህን የማያውቅ ገበሬ እንዳይኖር ማድረግ ከየትኛውም ማሽን በፊት የሚመጣ ሥራ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ይከተል። በየሱቁ የሚሸጠው ለሕመም ማስታገሻ የሚለጠፍ ኤሌክትሪክ ከዚህ ሥልጠና ጋር አንድ አይደለም። እሱ ሪፍሌክስን አይለካም፤ ስላልለካ ሊያስተምር አይችልም። ልብ ላይ ፔስሜከር የተተከለለት ሰውም ማንኛውንም የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ሐኪሙን ሳያማክር አይንካ።

ለሪፍሌክስ ሥልጠናው የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ምን ያህል ጥቂት እንደሆኑ ግን ይወቁ፦ የነርቭ ማነቃቂያ፣ የጡንቻን ምልክት የሚያጎላ መለኪያ፣ ኮምፒውተርና ስክሪን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የነርቭ ፍጥነት ምርመራ በሚያደርግ ማንኛውም የነርቭ ሕክምና ክፍል ውስጥ በየዕለቱ ከሚሠሩባቸው ዕቃዎች ጋር አንድ ዓይነት ናቸው። ሥልጠናውን የሚመራው ኢፖክስ የተባለ ሶፍትዌር የታነጸው የኦልባኒዎቹ ተመራማሪዎች ባበለጸጉት ቢሲአይ-2000 ላይ ነው፤ ይህም ለምርምር በነጻ ይሰጣል። ቀዶ ሕክምና አይጠይቅም፤ የሚተከል ባትሪ የለውም። የሚጠይቀው ለ10 ሳምንት በሳምንት ሦስት ቀን አብሮ የሚቆም ባለሙያና እዚያ ድረስ የሚያደርስ መጓጓዣ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በጎንደር ያሉ የነርቭ ሐኪሞችና ፊዚዮቴራፒስቶች ይህን ሥራ በአንድ ታማሚ፣ በአንድ ባት ላይ ሊጀምሩት ይችላሉ፤ ቢጀምሩትም ከማንም በፊት ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ።